ጭንቀት ወይስ ጨው? የደም ግፊት ክርክር ኩላሊት ውስጥ ሲታይ

ጅማ ውስጥ አንድ ሰው «ግፊት አለብህ» ተብሎ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ሐሳብ ነው ያመጣብህ፤ ነገር ታበዛለህ» ይላል። ሌላው «ጨው ነው እንጂ፤ ቡናውን እንኳ በጨው አይደል የምትጠጣው» ብሎ ይመልሳል። አሁን አሁን ደግሞ ሦስተኛ ወገን መጥቷል። ወሬው ከስልክ ቪዲዮ የተገኘ ነው፦ «ውጭ አገር የኩላሊትን ነርቭ በሙቀት አጥፍተው ግፊትን ያድናሉ፤ ኪኒን ድሮ ቀረ»።

ሦስቱም አየር ላይ የተንጠለጠለ ወሬ አይደለም። ሁሉም ግን የነገሩን አንድ ጫፍ ብቻ ነው የያዙት። ጭንቀት ወደ ኩላሊት የሚደርሰው በነርቭ ነው። የጨው መጠን የሚታወቀው ደግሞ ኩላሊቱ ራሱ ውስጥ ነው። ሁለቱም መልእክቶች የሚገናኙት ሬኒን የሚባል ሆርሞን በሚያመነጩ ጥቂት ሴሎች ላይ ነው። ስለዚህ «ከሁለቱ የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ትንሽ የተሳሳተ ነው። እነዚህ ሴሎች መልእክቶቹን እየደመሩ እንጂ እየመረጡ አይሠሩም።

ሬኒን ምን ያደርጋል?

ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ቲገርሽቴት እና በርግማን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስቶክሆልም ውስጥ የጥንቸል ኩላሊት ጨምቀው ጭማቂውን ሌላ ጥንቸል ውስጥ ወጉ። የጥንቸሏ ግፊት ወጣ። በጭማቂው ውስጥ ያለውን ነገር ሬኒን አሉት። ግኝቱ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገሩ የተነሣው በ1934 አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪ ጎልድብላት ወደ ውሻ ኩላሊት የሚገባውን የደም ሥር በማጥበብ ብቻ ዘላቂ የደም ግፊት መፍጠር እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ነው።

ሬኒን ብቻውን የደም ሥር አያጠብም። በትክክል ለመናገር ኢንዛይም ነው፤ በደም ተጉዞ ርቆ ስለሚሠራ ግን ከሆርሞኖች ጋር ይቆጠራል። ሥራው ጉበት የሚያመርተውን አንጂዮቴንሲኖጅን የተባለ ትልቅ ፕሮቲን መቁረጥ ነው። ከዚያ አንጂዮቴንሲን 1 ይወጣል። ይህን ደግሞ በተለይ ሳንባ ውስጥ በብዛት ያለ ሌላ ኢንዛይም እንደገና ይቆርጠውና አንጂዮቴንሲን 2 ያደርገዋል። ጉልበቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንጂዮቴንሲን 2 የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ጥማት ያስነሣል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጠውን አድሬናል ዕጢ ደግሞ አልዶስቴሮን የተባለ ሆርሞን እንዲለቅ ያዛል። አልዶስቴሮን ጨው በሽንት እንዳይወጣ ይይዛል፤ ውኃውም ጨውን ተከትሎ ይቀራል።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ፍጥነቱን በአብዛኛው የሚወስነው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፦ ምን ያህል ሬኒን ተለቀቀ? የነርቭና የሴል ተቀባዮች ጉዳይ አስፈላጊ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሴሎቹ ማንን ይሰማሉ?

እያንዳንዱ ኩላሊት 1 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። ወደ ማጣሪያው የምትገባው ቀጭን የደም ሥር ግድግዳ ላይ፣ ልክ መግቢያው አጠገብ፣ ሬኒን አመንጪ ሴሎች ተቀምጠዋል። ሥራቸው ከሽማግሌ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ሽማግሌ አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ እነሱም ከሦስት አቅጣጫ የሚመጣውን ይሰማሉ።

አንደኛው ወገን የደም ሥሯ ራሷ ናት። ደሙ በኃይል ሲገፋ ግድግዳው ይለጠጣል፤ ሴሎቹ ሬኒን ይቀንሳሉ። ግፊቱ ሲወርድ መለጠጡ ይቀራል፤ ሬኒን ይጨምራል።

ሁለተኛው ወገን ከተጣራው ፈሳሽ በኩል ነው። ማኩላ ዴንሳ የሚባሉ ሌሎች ሴሎች በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን ጨው፣ በተለይ ክሎራይዱን፣ ይለካሉ። የሚደርሳቸው ጨው ሲያንስ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ኬሚካል ይለቅቃሉ። ያ ወደ ጎረቤት ሴሎች ሄዶ «ሬኒን አውጡ» የሚል መልእክት ያደርሳል።

ሦስተኛው ወገን ነርቭ ነው። ሲምፓቴቲክ የሚባለው የነርቭ ክፍል እኛ ሳናዝዘው የሚሠራ ነው። ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ፣ ስንሮጥ፣ ደም ሲፈሰን የሚነሣው እሱ ነው። ጫፎቹ ኩላሊት ውስጥ ዘልቀው እነዚህ ሴሎች አጠገብ ይደርሳሉ። እዚያ ኖርአድሬናሊን ያፈስሳሉ፤ ሴሎቹም ሬኒን ይለቅቃሉ።

አንዳንድ ጊዜ ሦስቱም አንድ ነገር ይናገራሉ። ሰው ብዙ ደም ሲፈሰው ወይም በተቅማጥ ፈሳሹ ሲያልቅ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሚደርሰው ጨው ያንሳል፤ ነርቩም ይጮኻል። ሬኒን በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሕይወት የሚተርፈውም ከፊሉ በዚህ ነው። ይህን መርሳት ጥሩ አይደለም። ሬኒን ጠላት ሆኖ የሚታየን ሁልጊዜ ከግፊት በሽታ ጋር ስለሚነሣ ነው።

አስቸጋሪው ወገኖቹ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ጨው የበዛበት ምግብ የበላና በጭንቀት የሚንገበገብ ሰው እናስብ። ጨዉ «ሬኒን ይቅር» ይላል፤ ነርቩ «ይውጣ» ይላል። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ነርቩ ይህን ክርክር እንዴት እንደሚያጋድል አሳይተዋል። የኩላሊት ነርቭ በጣም ቀስ ብሎ፣ በሁለት ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል ሲቀሰቀስ፣ መጀመሪያ የሚጨምረው ሬኒን ነው። በሴኮንድ አንድ ጊዜ አካባቢ ሲደርስ ኩላሊቱ ጨው መያዝ ይጀምራል። ከዚያም ሲፈጥን፣ በሴኮንድ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ወደ ኩላሊቱ የሚገባው ደም ራሱ ይቀንሳል። ነርቩ ብቻውን ሬኒን ለማስለቀቅ በማይበቃ ደረጃ ሹክ ሲል እንኳ ሴሎቹ ለሌሎቹ ወገኖች የሚሰጡትን መልስ ያጎላዋል።

የቤተሰቡን ክርክር የሚያፈርሰው ይህ ነው። ጭንቀት ጨው እንዳይወጣ ያደርጋል። ያልወጣ ጨው ደግሞ ግፊት ይጨምራል። «ሐሳብ ነው» ያለውም «ጨው ነው» ያለውም ስለ አንድ መንገድ ነው የሚያወሩት።

ተቀባዮቹ፦ ቤታ 1 እና ሌሎቹ

ኖርአድሬናሊን ወደ ሴሉ ውስጥ አይገባም። የሴሉ ሽፋን ላይ ተቀባይ፣ ማለትም ሪሴፕተር፣ የተባለ ፕሮቲን አለ። ኖርአድሬናሊን ከውጭ ሲያርፍበት ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ለውጡ በውስጥ በኩል ሌላ ሥራ ያስጀምራል። አንድ ኬሚካል በተለያየ ቦታ የተለያየ ውጤት የሚኖረው ተቀባዮቹ ስለሚለያዩ ነው። አሜሪካዊው ሬይመንድ አልኲስት በ1948 አልፋ እና ቤታ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። ጄምስ ብላክ በዚያ ሐሳብ ተመርቶ በ1960ዎቹ ፕሮፕራኖሎልን ሠራ፤ በ1988 ኖቤል ተሸለመ። የእነዚህን ተቀባዮች አሠራርና ቅርጽ የገለጡት ሮበርት ሌፍኮዊትዝ እና ብራያን ኮቢልካ ደግሞ በ2012 ተሸልመዋል።

ሬኒን አመንጪ ሴሎች ላይ ያለው ዋና የነርቭ ተቀባይ ቤታ 1 ይባላል። ልብን የሚያስሮጠውም ይኸው ዓይነት ነው። ቤታ 1 ሲነቃ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ አነስተኛ ኬሚካል ይጨምራል፤ ተከማችቶ የቆየው ሬኒን ይለቀቃል። ከማኩላ ዴንሳ የመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚያርፈው በሌላ ተቀባይ ላይ ነው። ውጤቱ ግን ተመሳሳይ ነው፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይጨምራል። የነርቭና የጨው መልእክት የሚደመረው እንግዲህ እዚህ ነው።

ፍሬንም አለ። አንጂዮቴንሲን 2 ራሱ ተመልሶ እነዚህ ሴሎች ላይ በሚያርፍበት ተቀባይ በኩል «በቃ» ይላል። አዴኖሲን የተባለ ኬሚካልም ኤ 1 በሚባል ተቀባይ በኩል እንደዚሁ ሬኒንን ይይዛል።

ባለሙያዎችን ለረጅም ጊዜ ያስገረመ ነገርም አለ። በአብዛኞቹ ሆርሞን አመንጪ ሴሎች ውስጥ ካልሲየም ሲጨምር ሆርሞን ይወጣል። ቆሽት ኢንሱሊን የሚለቀው እንዲህ ነው። ሬኒን ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ካልሲየም ሲጨምር ሬኒን ይቆማል። የደም ሥሯ ስትለጠጥ ሬኒን የሚቀንሰውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው።

ቡናው እና ጫቱ

ስለ ጅማ ተጽፎ ቡና ሳይነሣ አይታለፍም። እዚህ ላይ ግን የሚነሣው ለወግ አይደለም። ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባዮች ይዘጋል። አዴኖሲን የሬኒን ፍሬን ነው ብለናል፤ ፍሬኑ ሲዘጋ ሬኒን ይጨምራል። በ1978 በታተመ አንድ የታወቀ ጥናት ቡና ለማይጠጡ 9 ጤነኛ ሰዎች 250 ሚሊግራም ካፌይን ተሰጣቸው። በደማቸው ውስጥ ያለው የሬኒን እንቅስቃሴ 57 በመቶ ጨመረ፤ ግፊታቸውም ወጣ።

«እንግዲያው ቡና ይቅር» ለማለት ግን አይበቃም። ሰዎቹ ቡና የማይጠጡ ነበሩ። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ሰውነት በጥቂት ቀናት ይለማመዳል፤ ጭማሪውም በአብዛኛው ይደክማል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ያደገ የጅማ ሰው ከእነዚያ 9 ሰዎች ጋር አንድ አይደለም። ተግባራዊው ነገር ሌላ ነው፦ ግፊት ከመለካት በፊት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቡና አለመጠጣት። ከረከቦቱ ተነሥቶ በቀጥታ የተለካ ግፊት ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል።

ጫት በሌላ በር ነው የሚገባው። እርጥቡ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የነርቭ ጫፎች ያከማቹትን ኖርአድሬናሊን ያስለቅቃል። በምርቃና ሰዓት ልብ ሲመታና ግፊት ሲጨምር የሚታየው በዚህ ነው። ኖርአድሬናሊን በበዛበት ሁሉ ቤታ 1 ይነቃል፤ ስለዚህ ኩላሊት ከዚህ ውጭ ይሆናል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ከቡና ጋር እኩል ማየት ግን ስሕተት ነው። ካፌይን ፍሬን ያላላል፤ ካቲኖን መልእክቱን ራሱን ያበዛል። የደም ግፊት ሕመምተኛ «ሁለቱም ማነቃቂያ ናቸው፤ ምን ልዩነት አለው» ካለ፣ ልዩነቱ ይህ ነው።

በቡና ውስጥ ስለሚገባው ጨውስ? ከአንድ ሲኒ የሚመጣው ትንሽ ነው፤ ከወጡ ጨው ጋር ግን ይደመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። ጨው ሬኒንን ይቀንሳል ብለናል። ታዲያ ግፊትን ለምን አይቀንስም? ሬኒን የሚቀንሰው ሰውነት የበዛውን ጨው ለማውጣት ሲሞክር ነው። ጨዉን ለማውጣት የሚቸገር ኩላሊት ካለ ሬኒን ወርዶም ውኃው ይከማቻል፤ ግፊቱ ይወጣል። ሬኒን አነስተኛ ሆኖ ግፊት ከፍ ማለቱ ተቃርኖ አይደለም።

ኪኒኖቹ የት ላይ ነው የሚሠሩት?

«ለእኔ የልብ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ለጎረቤቴ የሽንት፤ በሽታችን ግን አንድ ነው» የሚል ቅሬታ የተለመደ ነው። ሰንሰለቱን ለሚያውቅ ሰው መልሱ ቀላል ነው።

አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ቤታ ተቀባዮችን ይዘጋሉ። ልብን ያረጋጋሉ፤ በዚያውም ነርቩ ሬኒን እንዲያስለቅቅ አይፈቅዱም። ኢናላፕሪል አንጂዮቴንሲን 1 ወደ 2 እንዳይለወጥ የሚያግድ ነው። የዚህ ቤተሰብ መነሻ ብራዚል ውስጥ ያለ የእፉኝት ዓይነት መርዝ መሆኑ ይገርማል፤ በኪኒን መልክ የመጀመሪያው የሆነው ካፕቶፕሪል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1981 ነው። ሎሳርታን ደግሞ አንጂዮቴንሲን 2 ተሠርቶም እንኳ ተቀባዩ ላይ እንዳያርፍ ይዘጋል። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ያስነሣባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ወደ ሎሳርታን ይዛወራሉ። ሁለቱም በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ስለሚጎዱ አይወሰዱም።

ላሲክስ፣ ማለትም ፉሮሰማይድ፣ የተለየ ባሕርይ አለው። ማኩላ ዴንሳ ጨው የሚለካበትን በር ይዘጋል። ሴሎቹ «ጨው አልቋል» ብለው ያስቡና ሬኒን ይለቅቃሉ። ሐኪም ይህን መድኃኒት ከሌላ ጋር ደርቦ ማዘዙ ኪኒን ማብዛት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አንዱ የሚቀሰቅሰውን ሌላው እንዲይዘው ታስቦ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ የሕመም ማስታገሻ ላይ ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ፕሮስታግላንዲን የሬኒን መልእክተኛ ብቻ አይደለም፤ ፈሳሽ ባነሰ ጊዜ ወደ ማጣሪያው የሚገባውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዘውም እሱ ነው። ኢናላፕሪልና የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ለወገቡ ብሎ በራሱ ዳይክሎፌናክ ሲጨምር ኩላሊቱ ሦስት መከላከያ በአንድ ጊዜ ይነጠቃል፤ በድንገት ሊጎዳም ይችላል። ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ሲገዛ «የግፊት ኪኒን እወስዳለሁ» ማለት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የረመዳን ጾምም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቀኑን ያለ ውኃ ሲዋል ግፊትን ደግፈው ከሚይዙት አንዱ ሬኒን ነው። የሚያሸና ኪኒንና ኢናላፕሪል የሚወስድ ሰው ይህ ድጋፍ ስለሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ ሊያዞረው ይችላል። የኪኒኑን ሰዓትና መጠን ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል። በራስ ማቆም መፍትሔ አይደለም።

ነርቩን ማጥፋት፦ ተስፋውና ገደቡ

አሁን ወደ ስልኩ ወሬ። ሕክምናው እውነተኛ ነው። በእግር በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በብሽሽት ባለው የደም ሥር፣ ቀጭን ቱቦ ገብቶ እስከ ኩላሊት የደም ሥር ይደርሳል። በሬዲዮ ሞገድ ወይም በአልትራሳውንድ ሙቀት በደም ሥሩ ዙሪያ ያሉት ነርቮች ይጠፋሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ሁለት መሣሪያዎችን ፈቅዷል።

ወደ ፈቃዱ የተደረሰው ግን በቀና መንገድ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ውጤት በጣም የሚያስደስት ነበር። በ2014 የወጣው ትልቅ ጥናት ግን 535 ሕመምተኞችን ወስዶ ለከፊሎቹ የማስመሰል ሕክምና ብቻ ሰጠ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ደጋፊዎቹ «ነርቮቹ በደንብ አልጠፉም፤ ሕመምተኞቹም መድኃኒት ይለዋውጡ ነበር» ብለው ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹ ሐሳቡ ራሱ እንዳከተመ ተናገሩ። ከዚያ በተሻለ ጥንቃቄ የተሠሩ ጥናቶች ልዩነት አገኙ። መጠኑ ግን መጠነኛ ነው፤ በአማካይ የላይኛው ቁጥር 5 ነጥብ አካባቢ ነው የሚወርደው። ይህ አንድ ኪኒን ከሚያወርደው አይበልጥም። ስለዚህ «ኪኒን ድሮ ቀረ» የሚለውን ማስረጃው አይደግፈውም። በኔ ግምት ሕክምናው ቦታ ይኖረዋል፤ ቦታው ግን ብዙ ኪኒን ወስደው ግፊታቸው አልወርድ ላላቸው ሰዎች ነው።

ውጤቱ መጠነኛ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም። ነርቩ ከሦስቱ ወገኖች አንዱ ነው። እሱን ዝም ብታሰኘው ሁለቱ መናገራቸውን ይቀጥላሉ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2015 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል። ኩላሊት ከለጋሽ ሲወጣ ነርቮቹ ይቆረጣሉ፤ ሲተከል ሐኪሙ የሚቀጥለው የደም ሥሩንና የሽንት ቱቦውን ነው። ኩላሊቱ ያለ ነርቭ ሥራውን ይጀምራል፤ ሬኒንም ይለቅቃል።

ዝቅተኛ ሬኒን፦ ያልተቋጨው ጉዳይ

አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው የደም ግፊት ሕመምተኞች ዘንድ ሬኒን ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ኢናላፕሪልም ሆነ አቴኖሎል ለብቻው ሲሰጥ የሚጠበቀውን ያህል ላይሠራ ይችላል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት በስድስት የአፍሪካ አገሮች የሚኖሩ 728 ጥቁር ሕመምተኞችን አወዳደረ። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት ያለባቸው ሁለት የኪኒን ጥምረቶች፣ አምሎዲፒን ከሌለበት ጥምረት በተሻለ ግፊት አወረዱ። አምሎዲፒን የደም ሥርን በቀጥታ የሚያላላ ስለሆነ ሥራው በሬኒን ላይ አይመረኮዝም።

ሁሉም ሐኪም ግን በአንድ አይስማማም። አንዳንዶች በዘር መመደብ ግለሰቡን ይሸፍናል ይላሉ፤ ብዙ ጨው የሚበላ ማንም ሰው ሬኒኑ ዝቅ ይላልና። ሌሎች ደግሞ ሬኒን መለካት በማይቻልበት ክሊኒክ ይህ ግምት ጊዜ ይቆጥባል ባይ ናቸው። በጥናቱ ከተካተቱት ስድስት አገሮች ኢትዮጵያ የለችበትም። የጅማ ገበሬ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨው ያለበት ቡና የሚጠጣው፣ ከሌጎስ ነዋሪ ጋር አንድ ዓይነት የሬኒን መጠን ይኖረው እንደሆነ ከዚያ ጥናት ማወቅ አይቻልም። እዚሁ ለክቶ ማየት ይጠይቃል።